አማ የመረጠችው መርከብ

ለምወድሽ ታላቅ እህቴ ለዳናም አካ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ክንድሽስ እንዴት ነው? ከማሽኑ ስትነሺ የሚይዝሽ ብርድ ጥቂት ቀለል አለሽ ወይ? ባልሽ ሎገን ወገቡን ተሻለው? ልጆቹስ፣ ኬሻንና ትሪሻ እንዴት ናቸው? ፐርዝ ላይ ሙቀቱ በርትቷል ሲባል በዜና ሰምተን፣ ውሃ እንደ ልቧ እንዳትጠጣ የተከለከለች ሰው ይህን እንዴት ትችለዋለች እያልን ከሚስቴ ከማሊጋ ጋር ስንጨነቅ ሰንብተናል። እባክሽ ከቤት አትውጪ፤ የምትተክያቸውን አበቦች ሎገን ያጠጣቸው።

እኛ ደህና ነን። እናታችን አማ ደህና ናት፤ ደረቷ ጠዋት ጠዋት ሲር ሲር ይላል፣ ሻይዋን ስትጠጣ ዝም ይላል። ማሊጋም ደህና ናት፤ እኔን መቆጣት ስላልተወች ጤነኛ መሆኗን በዚያ እናውቃለን። እኔም ያው ታናሽ ወንድምሽ ፕሬጋሰን እንደምታውቂኝ ነኝ። ከባህር ከተመለስን ወዲህ ትንሽ ከሳ ብያለሁ፤ ምክንያቱን ስትደርሺበት እንዳትስቂብኝ።

አካ፣ ነገሩን ሳላድበሰብስ ልንገርሽ። ኩላሊቶችሽ ሥራ ማቆማቸውን፣ በሳምንት ሦስት ቀን ከማሽን ጋር ታስረሽ እንደምትውዪ፣ ከዚያ ከተማ ርቀሽ መሄድ እንደማትችዪ ለአማ ነግሬያታለሁ። እንዳልነግራት አደራ ብለሽኝ ነበር፤ አደራሽን በላሁ። አሁን ደብዳቤውን ጠረጴዛ ላይ ወርውረሽ ወደ ጓዳ እንደምትሄጂ አውቃለሁ፤ ከልጅነትሽ የነበረ አመልሽ ነው። ስትመለሺ ግን እስከ መጨረሻው አንብቢው።

ከመነሻው ልጀምር። አንቺ መምጣት አትችዪም፤ አማን ደግሞ በዚህ ሳንባዋ አውሮፕላን ላይ እንዳትወጣ ሐኪሙ ከልክሏታል። ባለፈው ደብዳቤሽ መጨረሻ ላይ "በመርከብስ ቢሆን?" ብለሽ አንድ መስመር ጣል አድርገሽ ነበር። ያቺ መስመር እንቅልፍ ነሳችኝ። ወዲያ ወዲህ ብዬ ጠየቅሁ። በዓመት አንድ ጊዜ፣ ኖቬምበር ላይ፣ ዓለምን የሚዞር አንድ ትልቅ መርከብ ደርባንን ነክቶ፣ በሞሪሸስ በኩል አድርጎ፣ እናንተ አጠገብ ፍሪማንትል ወደብ ይደርሳል። ሐኪሙንም ባማክረው፣ "በባህር ከሆነ ትሂድ፣ መርከቡም የራሱ ሐኪም አለው" አለኝ። ግን አስቢው፤ ከሁለት ሳምንት በላይ ውሃ ላይ! ጀልባ እንኳ ተሳፍራ የማታውቅ የሰባ ስምንት ዓመት ሴት መሃል ውቅያኖስ ላይ "አውርዱኝ" ብትለኝ የት ላወርዳት ነው? ስለዚህ በመጀመሪያ በአጭር ጉዞ እንሞክራት፣ ባህሩ ከተስማማት ትልቁን እናስባለን፣ ካልተስማማትም ቁርጣችንን እናውቃለን አልኩ። ለአማ ግን እንዲያው ለሽርሽር ነው አልኳት።

ለሽርሽር! አማን ታውቂያት የለ? "ከቤታችን መርከብ ላይ የወጣ ሰው ተመልሶ አያውቅም" አለችኝና ወደ ምስር ለቀማዋ ዞረች። አያን ማለቷ ነበር። አያቷ በልጅነቷ ማድራስ ላይ ተሳፍራ ናታል ወርዳ፣ ዕድሜዋን ሸንኮራ ስትቆርጥ ኖራ እዚሁ ሞታ አስከሬኗ መቃጠሉን እኔና አንቺ ስንሰማው ያደግነው ነው። እኔም ብሆን፣ እውነቱን ለመናገር፣ መርከብ የሚባል ነገር አይዋጥልኝም ነበር። ሰው ገንዘቡን ከፍሎ ማምለጫ የሌለው ቤት ውስጥ ለምን ይቆለፋል?

ስለዚህ ጎረቤታችን አንቲ ፍሎሪ ዘንድ ሄድኩ። ሁለት ጊዜ በመርከብ ሽርሽር ሄደው ተመልሰዋል፤ ከመርከብ የገዙትን ኮፍያ ለቤተ ክርስቲያን እንኳ አያወልቁትም። ቁጭ አድርገው እንደ ተማሪ አስተማሩኝ። "ስማኝ ፕሬጋሰን፣ ክፍላችሁ ከመርከቡ መሃል፣ ወደ ታች ይሁን። በረንዳ ያለውን ከላይ ከያዝክ በረንዳው ላይ ቆመህ ስታስመልስ ነው የምትከርመው። ደግሞ ለመጀመሪያህ ረጅም ጉዞ እንዳትይዝ፤ ብትጠላው ዘለህ አትወርድ!" አሉኝ። ስለ ጭፈራውና ስለ ቁማሩም ጠየቅኋቸው። "እኔ ዐይኔን ጨፍኜ ነው በዚያ በኩል ያለፍኩት" አሉ። ዐይናቸውን ጨፍነው እንዴት ቁማሩን እንዳሸነፉ አልጠየቅኋቸውም።

ከዚያ አማን ለምኜ፣ ማሊጋንም አስለምኜ፣ ገበያ ማዕከሉ ውስጥ ወዳለው የጉዞ ቢሮ ወሰድኳት። ኖምፉንዶ የምትባል ደግ ልጅ ሥዕል እያገላበጠች ዋናውን፣ እራቱን፣ ሙዚቃውን አሳየችን። አማ ዓሣ እንደምትገዛ ሁሉ ፊቷን አጥቁራ አዳመጠች። ልጅቷ ስትጨርስ፣

"ልጄ፣ ይህ መርከብ ከተነሳበት ቦታ ነው የሚመለሰው?" አለቻት።

"አዎ ጎጎ፣ አያቴ፣ እዚሁ ደርባን።"

"ራሱ? ሌላ ላይ ሳያዛውረን?"

"ራሱ ነው ጎጎ።"

"መሬቱስ ይታየናል?"

ልጅቷ እኔን አየችኝ። እኔ ጣሪያውን አየሁ። "ስትነሱና ስትደርሱ ይታያችኋል" አለች ቀስ ብላ፤ "መሃል ላይ ግን ጎጎ፣ እንዳልዋሽዎት፣ ውሃ ብቻ ነው።" አማ ራሷን ነቀነቀች። "ይቺ ልጅ አትዋሽም፤ ከእሷ ግዛ" አለችኝ።

ምርጫው ሦስት ነበር። አንደኛው ወደ ባህር ወጥቶ የትም ሳይደርስ የሚመለስ ነው። አማ ይህን ስትሰማ በሳቅ ፈነዳች፤ "የትም ለማይደርስ ነገር ሻንጣ የሚያዘጋጀው ምን ዓይነት እብድ ነው? እቤቴ ቁጭ ብዬስ የትም አልደርስ የለም?" አለች። ሁለተኛው ሞሪሸስ ድረስ የሚሄድ ነው፤ እሱ ለፈተና በዛ። ሦስተኛው ሞዛምቢክ፣ ፖሜኔ ድረስ ደርሶ ባሕር ዳርቻው ላይ አውሎ የሚመልስ አጭር ጉዞ ነው፤ እሱን ያዝን። እኔም ብልጥ ነኝና፣ ወደ ሰሜን ስንሄድ መሬቱ በግራ ይሆናል ብዬ አስቤ በግራ በኩል መስኮት ያለው ክፍል መረጥኩ። ተከፍሎ ካለቀ በኋላ ማሊጋ መኪና ውስጥ "ስንመለስስ?" አለችኝ። እስከ ቤት ድረስ አላናገርኳትም።

የመሳፈሪያችን ቀን መጣ። አማ ከሻንጣዋ ሌላ አንድ የጨርቅ ከረጢት አንጠልጥላ ወጣች፤ ኮኮናት፣ ለጸሎት የሚነድ ካምፎርና ሎሚ ሞልታዋለች። በእኛ ሰፈር አዲስ መኪና ክፉ ዐይን እንዳይነካው ሎሚ ሳይጨፈልቅ ከግቢ እንደማይወጣ መቼም አልረሳሽውም። ወደቡ ላይ ያ ፎቅ የሚያህል ነጭ መርከብ ፊት ቆማ፣ ጎንበስ ቀና እያለች ግርጌውን ስታይ ቆየችና፣

"ጎማው የት ነው?" አለችኝ።

"አማ፣ መርከብ ጎማ የለውም።"

"ታዲያ ሎሚዬን ምን ይጨፍልቀው?"

ሰልፉ ቆመ። ከኋላችን ቁምጣ የለበሰ አንድ ግዙፍ ነጭ ሰውዬ "አሮጊቷ ምን ጠፍቷቸው ነው?" አለ። ማሊጋ ነገሩን ስትነግረው ይስቃል ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። እሱ ግን አገጩን እያሻሸ በቁም ነገር አሰበና፣ "የሻንጣቸው ጎማስ አይሆንም? እሱም እኮ መንገደኛ ነው" አለ። አማ ደስ አላት። ሎሚዎቹን መሬት ላይ ደረደረች፣ እኔ ሻንጣውን ጎተትኩባቸው፣ ጭማቂው የሰውየው ጫማ ላይ ተረጨ፤ እሱም አጨበጨበ።

ፍተሻው ላይ ካምፎሩን፣ ክብሪቱንና ኮኮናቱን በትሕትና ተቀበሉን። የማሊጋ ነገር ግን አሳፈረኝ። አሥር ጊዜ "መርከቡ ላይ ምግብ ሞልቷል" ብያት ነበር፤ እሷ ግን "በርበሬ የማያውቅ ምግብ ነው" ብላ ሙሉ ድስት ብሪያኒ፣ ዶሮ የገባበት ሩዝ፣ በብርድ ልብስ ጠቅልላ፣ በበርበሬ የተዘፈዘፈ የማንጎ አቻር በጠርሙስ ይዛ መጥታለች። ፈታሹ ክዳኑን ከፈተ፣ ሽታው ሲመታው ዐይኑን ጨፈነ፣ ከዚያ በሐዘን "አይገባም እመቤቴ" አለ። ምን ይደረግ? ከሰልፉ ወጥተን ድስቱን ወደቡ ላይ ዘርግተን፣ ከሻንጣ ተሸካሚዎቹና ከባለቁምጣው ጋር ቆመን በላነው። ሰውየው ሦስት ጊዜ አስጨመረ፤ አቻሩ ሲያቃጥለው እያለቀሰም አላቆመም። በመጨረሻ ከተሳፈሩት መካከል እኛ ነበርን።

አሁን የመክሳቴን ምክንያት ልንገርሽ። መርከቡ ገና የወደቡን አፍ እንዳለፈ እኔና ማሊጋ አልጋ ላይ ወደቅን። እሷ በአንድ በኩል፣ እኔ በሌላው፣ ባልዲ በመሃል። አማ ግን ምንም! ሳሪዋን አስተካክላ፣ በትሯን ይዛ፣ ዳቦና እንቁላል በልታ መጣችና ከበላያችን ቆማ ተመለከተችን። ክፍላችንን ለሚያጸዳው ሰው፣ "ይህ ልጅ ወተት ስሰጠውም እንዲህ ነበር" አለችው። አካ፣ ሃምሳ አንድ ዓመቴ ነው።

ሰውየው ሴልቫራጅ ይባላል፤ ጸጉሩ መሸበት የጀመረ፣ ከማድራስ ወዲያ ያለችው የቱቱኩዲ ወደብ ሰው ነው። አማ ስሙን ስትሰማ በታሚል አናገረችው። እሱ እጁን አፉ ላይ ጭኖ ሳቀ፤ "አማ፣ እንዲህ ዓይነት አነጋገር የሰማሁት ከቅድመ አያቴ ነው። አሁን እኮ ማንም እንዲህ አይናገርም። ከየት አመጡት?" አላት። "አያቴ በመርከብ ይዛው መጣች፤ ሌላ የያዘችው ዕቃ አልነበራትም" አለችው። ከዚያ በኋላ ልጇ ሆነ። ከሠራተኞቹ ወጥ ቤት የምስር ዳልና አቻር እየደበቀ ያመጣላት ነበር። እሷም ስለ እናቱ ትጠይቀዋለች፤ በዓመት ስንት ወር ባህር ላይ እንደሚሆን፣ ሲመለስ እናቱ ምን እንደምትሠራለት። እኔ ባልዲዬን አቅፌ እሰማቸዋለሁ፤ ባህሩ ለእሷ እንደተስማማት ገብቶኝ በሆዴ ደስ ብሎኛል።

በማግስቱ ከሰዓት ትንሽ ተሽሎኝ ወደ ላይኛው ወለል ይዣት ወጣሁ። ዙሪያውን ውሃ ነው። በግራም በቀኝም መሬት የሚባል የለም፤ የእኔ ብልጠት እዚያ ላይ አበቃ። አማ ወንበር ላይ ተቀምጣ ውሃውን አየች። ዘወር ብዬ ሳያት ታለቅሳለች። ድምፅ የለውም፣ እንባዋ ብቻ አገጯ ላይ ይንጠባጠባል።  አበቃ፣ ከእንግዲህ ዳናምን አታያትም አልኩ።

"አማ፣ ይብቃሽ፣ ወደ ክፍላችን እንግባ፤ ነገ መሬት እንወርዳለን" አልኳት።

"ዝም በል። ባህሩ አይደለም ያስለቀሰኝ" አለችኝ። ከዚያ እኔና አንቺ ሰምተነው የማናውቀውን ነገር ነገረችኝ። "አያ ስለ ባህሩ አልቅሳ አታውቅም። ያስለቀሳት ስለዋሿት ነው። ማድራስ ወደብ ላይ ታላቅ እህቷ ልትሸኛት መጥታ ነበር። ሰዎቹ፣ 'አገሩ ቅርብ ነው፣ ለሚመጣው አዝመራ ትመለሻለሽ' አሏት። አያም ቶሎ የምትመለስ መስሏት፣ እህቷን ከሩቅ በእጇ ሰላም ብላ ወደ መርከቡ ሮጠች። በቅጡ አላቀፈቻትም። እስክትሞት የቆጫት ያ ነበር እንጂ ሸንኮራው አይደለም። ርቀቱን ቢነግሯት ኖሮ ታቅፋት ነበር።"

አፍንጫዋን ጠረገችና ወደ እኔ ዞረች። ያቺ አተያይዋን ታውቂያታለሽ፤ ከልጅነታችን ጀምሮ ቅቤ የሰረቀውን የምትለይበት። "አሁን አንተ ንገረኝ። አንተ ሽርሽር ወደህ አይደለም ያመጣኸኝ፤ ሲያስመልስህ ነው የዋልከው። ዳናም ከመጣች ስንት ዓመቷ? በስልክ ፊቷን ስታሳየኝ ሁልጊዜ እጅጌዋ ረጅም ነው፣ ያውም በዚያ ሙቀት። ልጄ ምን ሆናለች?"

አካ፣ እንዴት ልዋሻት? አንቺ ብትሆኚስ ትችዪ ነበር? እዚያ ተቀምጬ ሁሉንም ነገርኳት። ማሽኑን፣ ክንድሽ ላይ መርፌው የሚገባበትን እብጠት፣ መጓዝ አለመቻልሽን፣ ኩላሊት ለማግኘት ወረፋ መጠበቅሽን።  "ያማታል?" ብላ ብቻ ጠየቀችኝ። መርፌው ሲገባ እንደሚያምሽ ነገርኳት። የራሷን ክንድ ያዘችው።

ቆይታ፣ "ወደ ዳናም የሚሄድ መርከብ አለ፣ አይደል?" አለች።

"አለ አማ።"

"ይመለሳል?"

"አይመለስም። ወዲያው ወደ ሌላ አገር ነው የሚያልፈው፤ በዚህ በኩል የሚመጣው ከዓመት በኋላ ነው። አንቺም በዚህ ዕድሜሽ፣ በዚህ ደረትሽ…" አልኩና አቆምኩ።

"ጨርሰው።"

"ከሄድሽ ላትመለሺ ትችያለሽ።"

"እሺ። አሁን ነገርከኝ" አለች። አቅፌ ወደ ክፍላችን አወረድኳት። ማሊጋ ፊታችንን አይታ ተነስታ ለአማ አልጋዋን አነጠፈችላት።

ፖሜኔ ላይ በትንንሽ ጀልባ አውርደውን አሸዋው ላይ ዋልን። አማ ሳሪዋን ሰብስባ ውሃው ውስጥ ቆመች፣ ከባለቁምጣው ሚስት ጋር ስለ ጉልበት ሕመም ሲያወጉ ዋሉ፣ የተጠበሰ ዓሣ በላች። ስለ አንቺ አንድም ቃል አልተነፈሰችም። እኔም ቆርጣ ትታዋለች፣ ከዚህ በኋላ ማውራቱ እሷን ማሠቃየት ነው ብዬ አፌን ዘጋሁ። ስንመለስ ደግሞ የእኛ መስኮት ላይ ውሃ ብቻ ነበር፤ መሬቱን የሚያዩት በስተቀኝ ያሉት ናቸው። ማሊጋ ይህን አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያነሳችብኝ፤ ለእሷ ትልቅ ትዕግሥት ነው።

ደርባን ስንገባ ጠዋት ነበር። ሰዉ ሁሉ ሻንጣውን እየጎተተ ወደ በሩ ሲጋፋ አማ ከወንበሯ አልነሳ አለች። ደክሟት መስሎኝ ክንዷን ስይዛት፣ ሁለቱንም ጉንጮቼን በእጆቿ ያዘችና፣ "ፕሬጋሰን፣ ትልቁን መርከብ ያዝልኝ። ኖቬምበር ገና ነው። እስከዚያ አንተን በደንብ አቅፌህ ነው የምሄደው" አለችኝ።

አካ፣ ምን ልበልሽ። መርከቡን የፈለግሁት፣ ቢሮ የወሰድኳት፣ ሻንጣዋን የጎተትኩት እኔ ነኝ፤ ያን ጊዜ ግን ምነው ባህሩ አሟት በሆነ ብዬ ተመኘሁ። አንዲት ቀን ከእናቴ ተለይቼ አላደርኩም። ጠዋት ስነሳ የምሰማው የእሷን ሳል ነው፤ ቤቱ ውስጥ ያ ድምፅ ሲጠፋ ምን እንደምሆን አላውቅም። አንቺን ቀናሁብሽ። ወዲያው ደግሞ ያንን ረጅም እጅጌሽን አሰብኩና አፈርኩ። ትምጣልሽ። ያንቺም እናት ናት፤ እኔ ብዙ ጠግቤያታለሁ።

ክፍሉን ይዘናል። ከመሃል፣ ከታች፣ አንቲ ፍሎሪ እንዳሉት። አማ መስኮት አያስፈልገኝም ብላለች፤ ማየት ያለባትን አይታለች። እኔም አብሬያት ተሳፍሬ በእጅሽ አስረክቤሽ በአውሮፕላን እመለሳለሁ። ያን ሁሉ ቀን ሳስመልስ ልሰንብት፤ አንድ ቀን እንኳ ቢሆን ከእሷ ጋር የምሆንበትን ለባዕድ አልሰጥም። የቪዛውን ነገር ሎገን ከአሁኑ ይጀምርልን። ለእሷ የምታዘጋጁት ክፍል ደረጃ የሌለው ይሁን፤ ትራሷም ከፍ ይበል፣ ጋደም ስትል ትንፋሽ ያጥራታል። ሻይ በዝንጅብል ነው፤ ግን ይህን ለአንቺ ምን አስተማረኝ!

ሎገንን ስለ ወገቡ አይዞህ በዪልኝ፤ ሚስቱን እየጠበቀልን ስለሆነ ቤታችን ውስጥ ስሙ ሳይነሳ አይዋልም። ኬሻን አጎቱ መዋኘት እንደማይችል ይወቅና ወደብ ላይ ጠጋ ብሎ ይጠብቀኝ። ትሪሻ የላከችውን ፎቶ አማ ከጸሎት መብራቷ ጎን አቁማዋለች፤ ሳሚልኝ። ማሊጋ አቻሩን የእናንተ አገር ጉምሩክ እንደሚከለክል ነግሬያት አላመነችኝም፤ አንቺ ግን ናፍቆቷን ብቻ ተቀበዪ። አንቲ ፍሎሪም በጸሎታቸው አልረሱሽም።

አማ አጠገቤ ተቀምጣ ይህን ስጽፍ እያየችኝ ነው። ምን ልበላት ብዬ ጠየቅኋት። "ለዳናም እንዲህ በላት" አለች፤ "አልተቆጣሁም። እየመጣሁ ነው። እኔ እስክደርስ እንዳትሞት፤ እኔም እሷን ሳላቅፍ አልሞትም።"

ወንድምሽ ፕሬጋሰን

ቻትስዎርዝ፣ ደርባን
እ.ኤ.አ. ማርች 11 ቀን 2018